በተንቀሳቃሽ ቤት ለሚኖሩ ጥንዶች፦ በጉዞው ቀን የተመዘኑ አምስት አማራጮች

ተንቀሳቃሽ ቤት ለመግዛት የሚነሡ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመርጡት ቤቱን ቆሞ አይተው ነው። አልጋው ላይ ጋደም ይላሉ፤ የማብሰያውን መሳቢያ ይስባሉ፤ መታጠቢያው ውስጥ ገብተው ክንዳቸውን ዘርግተው ስፋቱን ይለካሉ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ዓመቱን ሙሉ በቤቱ ውስጥ ለሚኖሩ ሁለት ሰዎች ግን በየጥቂት ቀኑ እየተመላለሰ የሚመጣ ሌላ ፈተና አለ፤ እርሱም የጉዞው ቀን ነው። ጠዋት ቤቱ ይሰበሰባል፣ ቀን በአውራ ጎዳና ላይ ከነፋስና ከቁልቁለት ጋር ይታገላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በማያውቁት ቦታ ዳግመኛ ይደላደላል። ከባለቤቴ ጋር በዚህ ኑሮ በቆየንባቸው ዓመታት ቤታቸውን ሸጠው ወደ ቋሚ መኖሪያ የተመለሱ ጥንዶች ስለ አልጋው ጥበት ሲያማርሩ እምብዛም አልሰማሁም፤ የሚያነሡት የጉዞውን ቀን ድካምና በዚያ ቀን የተነሣውን ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች አምስቱን ዋና ዋና የቤት ዓይነቶች የማነጻጽረው በሚንቀሳቀሱበት ቀን በሚሆኑት ነው።

መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያው መመዘኛ ከእንቅልፍ ከተነሡ በኋላ ጎማው እስኪሽከረከር ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው የሥራ ክፍፍል ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ቢታመም ወይም እጁ ቢጎዳ ሌላው ብቻውን ቤቱን አንሥቶ ሊነዳና ሊያቆም ይችላል ወይ የሚለው ነው። ሦስተኛው በመንገድ ዳር ቆም ሲባል መጸዳጃውና ማብሰያው በቀላሉ መገኘታቸው፣ አራተኛው ቤቱ በመንገድ ላይ ያለው ጠባይ ነው፤ ቁመቱ፣ ነፋስ ሲመታው የሚሆነው፣ ቁልቁለት ላይ አያያዙ፣ ማደያ ገብቶ መውጣቱ ሁሉ እዚህ ይገባል። አምስተኛው በመድረሻ የሚጠብቀው ሥራ ነው። ስድስተኛው ሞተሩ ሲበላሽ ጥንዶቹ የት ያድራሉ የሚለው ጥያቄ ሲሆን ሰባተኛው የነዳጅና የጥገና ወጪ ነው።

ሰባቱ እኩል ክብደት የላቸውም። እኔ ሁለተኛውንና ስድስተኛውን ከሌሎቹ አስበልጣለሁ። የነዳጅ ወጪ ጉዞን በማሳጠርና ቆይታን በማርዘም ሊቀነስ ይችላል፤ የመነሻው ጊዜም በልምድ ያጥራል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሊነዳው የሚችል ቤት ግን ነጂው በታመመ ቀን ሁለቱንም ባሉበት ያስቀራል፤ ቤትና ሞተር አንድ አካል የሆኑበት ምርጫ ደግሞ የጋራዥ ቀጠሮ በመጣ ቁጥር ማደሪያ ያሳጣል።

የትኛውም ቢመረጥ የማይቀር ሥራ

ከንጽጽሩ በፊት ለሁሉም የጋራ የሆነውን ሥራ ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል፤ አንዳንድ ገዢ ቤት በመለወጥ ከዚህ የሚገላገል ይመስለዋልና። የፍሳሽ ጋኖቹ ሲለቀቁ መጀመሪያ የመጸዳጃው፣ ቀጥሎ የመታጠቢያውና የዕቃ ማጠቢያው ይለቀቃል፤ ኋላ የሚወጣው ውኃ ቱቦውን አጥቦ እንዲሄድ ነው። የንጹሕ ውኃውን ጋን ሞልቶ መጓዝ አላስፈላጊ ጭነት ነው፤ 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን 200 ሊትር የሞላ ቤት 200 ኪሎ ግራም ተሸክሞ ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለቱንም ያንኑ ተሸክሞ ይወርዳል። የጋዝ ሲሊንደሩ ይዘጋል፤ የጣሪያው መስኮትና አንቴናው ይወርዳሉ፤ የኤሌክትሪክ ገመዱ ተነቅሎ ይጠቀለላል፤ የቁም ሣጥኑና የማቀዝቀዣው በር ይቆለፋል።

ጎማ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ንፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ገና ሳይሞቅ ነው፤ ጥቂት ከተነዳ በኋላ የሚነበበው ቁጥር ከፍ ስለሚል ያሳስታል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ለረጅም ጊዜ ስለሚቆሙ ጎማቸው ጥርሱ ሳይበላ ያረጃል። በጎማው ጎን ከታተመው መለያ መጨረሻ ያሉት 4 አሃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2319 ተብሎ ከተጻፈ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ያገለገለ ቤት የሚገዛ ሰው ከምንጣፉና ከመጋረጃው አስቀድሞ ይህን ቁጥር ቢያይ ይበጀዋል።

ካምፐር ቫን

ይህ ውስጡ ወደ መኖሪያነት የተቀየረ ቫን ነው። ርዝመቱ ከ5.4 እስከ 7.3 ሜትር፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ደግሞ ቁመቱ ወደ 2.7 እስከ 3 ሜትር የሚደርስ ሲሆን በጉዞው ቀን ከሁሉ የሚቀለው ይኸኛው ነው። ቡናው ተጠጥቶ ሲኒው ከታጠበ በኋላ በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንገድ መጀመር ይቻላል። ተራ መኪና የነዳ ሰው ሁሉ በአጭር ልምምድ ይነዳዋል፤ ሁለቱ መሪውን መፈራረቅ ስለሚችሉ ድካሙ ይካፈላል። የነዳጅ ፍጆታውም ዝቅተኛ ነው፤ ቢበላሽም ብዙ ጋራዥ ሊቀበለው ይችላል።

ድክመቱ የሚገለጠው ጉዞ በሌለበት ቀን ነው። ጥንዶቹ ለገበያ ወይም ለሐኪም ቀጠሮ መውጣት ሲፈልጉ ይዘውት የሚሄዱት ቤታቸውን ነው፤ ገመዱ ይነቀላል፣ ዕቃው ይታሰራል፣ አልጋው የሚታጠፍ ከሆነም ይታጠፋል። በሌላ አነጋገር ካምፐር ቫን ትልቁን የጉዞ ቀን አቅልሎ ብዙ ትናንሽ የጉዞ ቀኖችን ይፈጥራል። በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ለሚነሡ ይህ ችግር አይሰማም፤ በአንድ ቦታ ወር ለሚከርሙ ግን ያሰለቻል።

መካከለኛ ሞተርሆም

ይህ በቀላል የጭነት መኪና ወይም በቫን ሻንሲ ላይ የሚገነባ፣ ብዙ ጊዜም ከጋቢናው በላይ አልጋ ያለው ነው። ርዝመቱ በአብዛኛው ከ6 እስከ 9.5 ሜትር ነው። ከጋቢናው ወደ መጸዳጃው በውስጥ በኩል ስለሚታለፍ ዝናብ በሚጥልበት ወይም ሰዓቱ በመሸበት መቆሚያ ከቤት ሳይወጡ ማረፍ ይቻላል። መኪናው በእንቅስቃሴ ላይ እያለ ግን ከመቀመጫ ተነሥቶ መንቀሳቀስ አይገባም፤ ድንገተኛ ፍሬን የቆመን ሰው ከፊት መስታወት ጋር ያጋጨዋል።

ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው የኋላው አካል ከኋላ ጎማው አልፎ ብዙ መርዘሙ ነው፤ መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ጅራቱ ወደ ግራ ይወጣና ከጎን ያለውን ምሰሶ ወይም መኪና ሊመታ ይችላል። ሁለተኛው ክብደት ነው። በብዙ የአውሮፓ አገሮች ተራው መንጃ ፈቃድ እስከ 3500 ኪሎ ግራም ድረስ የሚያስነዳ ሆኖ ስለቆየ ብዙ ሞተርሆሞች ለዚሁ የክብደት ወሰን ተብለው ተሠርተዋል፤ ሁለት ሰው፣ ውኃ፣ ምግብ፣ ሁለት ብስክሌትና የዓመቱ ልብስ ሲጨመርበት የተፈቀደው ጭነት ሳይታወቅ ያልቃል። ከመግዛት በፊት ባዶ ክብደቱንና የሚፈቀደውን ከፍተኛ ክብደት ማስላት፣ ከገዙ በኋላም ዕቃውን ሁሉ ጭኖ በመንገድ ሚዛን ላይ ማስመዘን ተገቢ ነው። ደንቡ ከአገር አገር ስለሚለያይ የመንጃ ፈቃዱን ጉዳይ ከሚኖሩበት አገር ባለሥልጣን ማጣራት የገዢው ድርሻ ነው።

ትልቅ ሞተርሆም ከኋላው መኪና ሲጎትት

ከ8 እስከ 13 ሜትር የሚረዝም፣ ቅርጹ አውቶቡስ የሚመስል ቤት ነው። በመንገድ ላይ የሚሰጠው ምቾት ከሁሉ ይበልጣል፤ የፊቱ መስታወት ሰፊ ነው፣ መቀመጫው ከፍ ያለ ነው፣ መጸዳጃውና ማብሰያው ከጀርባ ናቸው። ሲደርሱም በብዙዎቹ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚወርዱ የሃይድሮሊክ እግሮች ቤቱን ያስተካክላሉ። ዝናብ እየጣለ ሁሉንም ነገር ከውስጥ ሆኖ መጨረስ ለደከሙ ሁለት ሰዎች ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን ይህን የሚያህል ቤት ይዞ ዳቦ ለመግዛት መውጣት ስለማይቻል አብዛኞቹ ጥንዶች ከኋላው ትንሽ መኪና ያስከትላሉ፤ የጠዋቱን ሥራ የሚያረዝመውም ይህ ነው። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ ሊጎተት የሚችለው እያንዳንዱ መኪና አይደለም፤ አንዳንዱ ካምቢዮ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲሽከረከር ዘይት ስለማይደርሰው ይቃጠላል። መኪናው እንዲህ መጎተት ይችል እንደሆነ የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛልና የሻጭን ቃል ብቻ ማመን አይገባም። ከዚህም ሌላ በዚህ መንገድ የተያያዘ መኪና እያለ ወደ ኋላ መንዳት አይቻልም፤ የሚጎተተው መኪና የፊት ጎማዎች በራሳቸው ይታጠፉና መጎተቻውን ያጣምማሉ። ስለዚህ መውጫ የሌለው መንገድ ወይም ጠባብ ማደያ ውስጥ የገባ ሰው ወርዶ መኪናውን መፍታት፣ ቤቱን ማዞር፣ መኪናውን እንደገና ማያያዝ ይኖርበታል። ይህን ለማስቀረት የማደያውን መግቢያና መውጫ ከመግባት በፊት መመልከት የተሳፋሪው ቋሚ ሥራ መሆን አለበት።

ቁመቱ ከ3.6 እስከ 4 ሜትር ስለሚደርስ የድልድይና የማደያ ጣሪያ ምልክት ሁሉ የሚመለከተው ነው። ትክክለኛው ቁመት በጣሪያው ላይ ያለውን የአየር ማቀዝቀዣ ጨምሮ ተለክቶ ከመሪው ፊት ለፊት ተጽፎ ይለጠፍ። በብልሽት ጊዜ ደግሞ ከባድ ክሬን ያስፈልገዋል፤ የሚቀበለው ጋራዥ ጥቂት ነው፤ ጥንዶቹም ሥራው እስኪያልቅ ከቤት ውጭ ያድራሉ።

አንድ የግዢ ቀን ምክር ልጨምር። ግድግዳው ወደ ውጭ የሚንሸራተት ክፍል ያለው ቤት፣ ሞተርሆምም ይሁን ተሳቢ፣ ክፍሉ ተዘግቶ ይታይ። በአንዳንዶቹ ክፍሉ ሲገባ ማቀዝቀዣው አይከፈትም ወይም ወደ መጸዳጃው ማለፊያ ይዘጋል። በጉዞው ቀን ቤቱ የሚገኘው እንዲህ ተዘግቶ ነውና ዘግተው ሳያዩት የገዙት ቤት ለምሳ ሰዓት ላይጠቅም ይችላል።

በኋላ ጋንቾ የሚጎተት ተሳቢ

ተሳቢ ቤት ትልቁ ጥቅሙ ሞተርና ማደሪያ መለያየታቸው ነው። ከደረሱ በኋላ መኪናው ተፈትቶ ለከተማ ሥራ ይውላል፤ መኪናው ቢበላሽ ቤቱ በሰፈረበት ይቆያል፤ መኪናው ሲያረጅም ቤቱን ሳይሸጡ መለወጥ ይቻላል። በዋጋም ከተመሳሳይ ስፋት ሞተርሆም አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፤ የሚጎትተው መኪና አስቀድሞ ካለ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

የሚከፈለው በጠዋቱና በመንገዱ ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በጋንቾው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚህ ካነሰ፣ ማለትም ከባድ ዕቃ ከኋላ ከተጫነ፣ ተሳቢው በነፋስ ወይም ትልቅ መኪና ሲያልፈው ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። መወዛወዙ ሲመጣ የመኪናውን ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል፤ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሣት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ የተሳቢው ፍሬን መቆጣጠሪያ ካለም በእጅ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ መያዝ ነው የሚያስተካክለው። ይህን ሁለቱም ከመነሻው ሊያውቁት ይገባል። ክብደቱን በፊትና በኋላ ጎማ ላይ የሚያከፋፍል፣ ውዝወዛውንም የሚገታ ማያያዣ መግጠም ለትልቅ ተሳቢ አስፈላጊ ነው።

የጠዋቱ ቅደም ተከተል ታኮ ከማድረግ ይጀምራል፤ ከዚያ ጋንቾው ይቆለፋል፣ ሰንሰለቶቹ ይጠላለፋሉ፣ የመብራቱና የፍሬኑ ስፒና ይሰካል፣ ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዘው ገመድ ይያያዛል፣ ታኮው የሚነሣው በመጨረሻ ነው። እኛ አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ሊሰናበተን መጥቶ ስናወራ ስፒናው ሳይሰካ ቀርቶ ነበር። ያዳነን ከመነሣት በፊት አንዳችን ከኋላ ቆመን መብራቶቹን የምናይበት ልማድ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው በማንኛውም ምክንያት ከተቋረጠ ከመጀመሪያው እንጀምራለን፤ የአንዳችንን ሥራም ሌላው ዞሮ ያየዋል።

በመንገድ ላይ ለምሳ ሲቆም ከመኪናው ወርዶ በውጭ በኩል ወደ ቤቱ መግባት ይገባል፤ ተሳቢው ውስጥ ሆኖ መጓዝ አደገኛ ሲሆን በብዙ አገሮችም የተከለከለ ነው። የኩሽኔታው ቅባትም አይዘነጋ፤ በየዓመቱ ወይም በየ19 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ገደማ እንዲታይ ይመከራል።

በፒክአፕ ጀርባ ላይ የሚያርፍ ተሳቢ

ፊፍዝ ዊል የሚባለው ይህ ተሳቢ የሚያያዘው ከመኪናው ኋላ ሳይሆን ከጭነት ቦታው ውስጥ፣ ከኋላው አክሰል በላይ ነው። ከክብደቱ ከ15 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው በፒክአፑ ላይ ስለሚያርፍ በነፋስ ጊዜ ከቀዳሚው ይልቅ ይረጋል፤ ወደ ኋላ ሲነዳም እንቅስቃሴው ዝግ ያለና ለመገመት የሚቀል ነው። ውስጡም ሰፊ ስለሆነ በአንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ለሚቆዩ ጥንዶች እውነተኛ ቤት ይሆናል።

በምትኩ ከባድ ፒክአፕ ይጠይቃል፤ ገዢዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። መኪናው መጎተት የሚችለውን ክብደት ብቻ አይተው በጀርባው መሸከም የሚችለውን ይረሳሉ፤ ቀድሞ የሚያልቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይኸኛው ነው። 6000 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ 20 በመቶው ቢያርፍ 1200 ኪሎ ግራም በፒክአፑ ጀርባ ይሆናል፤ ሁለቱ ተሳፋሪዎች፣ መሣሪያውና ማያያዣው ገና አልተቆጠሩም። ቁመቱ ከ3.7 እስከ 4.1 ሜትር ይደርሳል፤ በኩርባ ላይም የተሳቢው ጎማ ከመኪናው ጎማ ይልቅ ወደ ውስጥ ስለሚቆርጥ ሰፋ አድርጎ መዞር ያስፈልጋል።

ሲያያዝ የማያያዣው መንጋጋ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን በዓይን ማየት፣ ከዚያም የተሳቢውን ፍሬን ይዞ መኪናውን ቀስ አድርጎ ወደፊት በመሳብ መሞከር ግዴታ ነው፤ የፊት እግሮቹ ሙሉ በሙሉ የሚነሡት ከዚህ ሙከራ በኋላ ነው። መንጋጋው ሳይዘጋ የተነሣ ተሳቢ በፒክአፑ ጎኖች ላይ ይወድቃል።

አምስቱ በአንድ ላይ

የመነሻው ጊዜ ሥራውን የለመዱ ሁለት ሰዎች የሚወስድባቸው የእኔ ግምት ነው፤ ፍጆታው እንደ ሞተሩ፣ እንደ ፍጥነቱና እንደ ነፋሱ ይለዋወጣል።

| ዓይነት | መነሻ ጊዜ | አንድ ሰው ብቻውን | መጸዳጃ በመንገድ | ሞተር ሲበላሽ ማደሪያ | ነዳጅ በ100 ኪ.ሜ |
|---|---|---|---|---|---|
| ካምፐር ቫን | 20–30 ደቂቃ | በቀላሉ | በውስጥ፣ ከተገጠመለት | ይታጣል፤ ጋራዥ ግን ብዙ ነው | 10–14 ሊትር |
| መካከለኛ ሞተርሆም | 30–45 ደቂቃ | ይቻላል | በውስጥ | ይታጣል | በናፍጣ 10–14፣ በትልቅ ቤንዚን ሞተር 20–28 ሊትር |
| ትልቅ ሞተርሆም ከነመኪናው | 60–90 ደቂቃ | በልምድ | በውስጥ | ይታጣል፤ ጋራዥ ጥቂት ነው | 24–35 ሊትር |
| በኋላ ጋንቾ የሚጎተት | 60–90 ደቂቃ | ይቻላል፤ ወደ ኋላ መንዳት ይከብዳል | በውጭ ወርዶ | ይኖራል | 18–28 ሊትር |
| በፒክአፕ ላይ የሚያርፍ | 60–90 ደቂቃ | በልምድ | በውጭ ወርዶ | ይኖራል | 20–30 ሊትር |

ርቀቱን መወሰን

የትኛውም ቤት ቢመረጥ ቀኑን የሚያበላሸው ከሁሉ በላይ የርቀቱ ብዛት ነው። በተንቀሳቃሽ ቤት ነዋሪዎች ዘንድ የታወቀ የ3 ደንብ አለ፤ በቀን ከ300 ማይል፣ ማለትም ከ480 ኪሎ ሜትር ገደማ አለማለፍ፣ ከቀትር በኋላ በ9 ሰዓት (በአውሮፓውያን ሰዓት 3) መድረስ፣ ከዚያም 3 ሌሊት ማደር። ዝግ ማለት የሚፈልጉት ደግሞ የ2 ደንብ ይከተላሉ፤ 200 ማይል ማለትም 320 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 8 ሰዓት (በአውሮፓውያን ሰዓት 2)፣ 2 ሌሊት። እኔ ተሳቢ ለሚጎትቱና ከሁለቱ አንዱ ብቻ ለሚነዳላቸው ጥንዶች ሁለተኛውን እመክራለሁ። በብርሃን መድረስ ቅንጦት አይደለም፤ ወደ ኋላ እየነዱ ዛፍና ድንጋይ ባለበት ጠባብ ቦታ መግባት በጨለማ ብዙ አደጋ አለው። በዚያ ሰዓት አንደኛው ከውጭ ሲመራ ነጂው በስፖኪዮው ሊያየው ይገባል፤ ካላየው ወዲያው ይቁም። ምልክቶቹ አስቀድመው ይስማሙባቸው፤ የእጅ ሬዲዮ ቢኖር ደግሞ ከርቀት መጮኹን ያስቀራል።

ለማን የትኛው

በየሁለትና በየሦስት ቀኑ ለሚንቀሳቀሱ፣ ዕቃቸው ጥቂት ለሆነና በጀታቸው ለነዳጅ ለሚጠነቀቅ ጥንዶች ካምፐር ቫን ይስማማል። በሳምንት አንዴ ለሚነሡ፣ መንገድ ላይ መጸዳጃ በቅርብ መኖሩ በጤና ምክንያት ለሚያስፈልጋቸው ደግሞ መካከለኛው ሞተርሆም ይሻላል። በጀታቸው ጠባብ ሆኖ ጠንካራ መኪና ያላቸው፣ በአንድ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚቆዩ ከሆነ በኋላ ጋንቾ የሚጎተተውን ይምረጡ፤ መጠኑን ግን መኪናው ከሚችለው በታች ያድርጉት። ለወራት በአንድ ስፍራ የሚከርሙና ከባድ ፒክአፕ መግዛት የሚችሉ በፒክአፕ ላይ የሚያርፈውን ቢወስዱ አይጸጸቱም። ትልቁን ሞተርሆም የምመክረው ለጥገና የተለየ ገንዘብ ላስቀመጡና በብልሽት ጊዜ ሌላ ቦታ ማደር ለማይከብዳቸው ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ ትልቅ ነገር መንዳት በፍጹም የማይፈልግ ከሆነ የበጀቱ ስፋት ምንም ቢሆን ከመካከለኛው ሞተርሆም በላይ አይሂዱ።

ከውሉ በፊት የመረጡትን ዓይነት ለአራት ቀን ተከራይተው ቢያንስ ሦስት ጊዜ ቦታ ይቀይሩበት። አንዱን ቀን አንደኛው፣ ሌላውን ቀን ሁለተኛው ይንዳ፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ ዳር ቁጭ ብሎ ሌላው ብቻውን ቤቱን ያንሣ፣ ይንዳ፣ ይትከልም።